ኮፈኑን ያልነካው እጅ

ጋሽ ምሩጽ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ከማስነሳታቸው በፊት በየማለዳው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። ሲያትል ውስጥ ሌሊቱን ሳይዘንብ አያድርምና ብረቱ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን በሱሪያቸው ይጠርጉና ይገባሉ። ሰላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ሲወጡ ኮሎምቢያ ሲቲ ወዳለችው ትንሽ የሰፈር ሙዚየም ሄዱ። የሬኒየር ጎዳናን የቀድሞ ነዋሪዎች የሚያሳየው የፎቶ ኤግዚቢሽን ቅዳሜ ይከፈታል። ልጃቸው ሚርያም የሳቸውንም ፎቶ ከአልበም አውጥታ ሰጥታ ኖሯል። ከሥሩ የሚለጠፈው ጽሑፍ «ምሩጽ ከመጀመሪያ መኪናው ጋር፣ 1984» ይላል። የሄዱት ይህ መስመር ከቅዳሜ በፊት እንዲቀየር ሊጠይቁ ነው።

የተቀበለቻቸው የሙዚየሙን ፎቶዎች የምትሰበስበው ፀዲ ነበረች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ጓንት አጥልቃ ፎቶውን ከሣጥን አወጣችው። ረጅም ካፖርት የለበሰ ወጣት ከሰማያዊ ካዲላክ አጠገብ ቆሟል።

«ሶ፣ መኪናው የርስዎ አይደለም?»

«የኔ? የማንኛችንም አልነበረም።»

መኪናው ይኖሩበት የነበረው ሕንጻ ጠባቂ ንብረት ነበር። ሰውየው እሑድ እሑድ አጥቦ ሲጨርስ አዲስ የገቡት ስደተኞች አጠገቡ ፎቶ ለመነሳት ተራ ይይዛሉ። ካፖርቱ አንድ ነው፤ ረጅሙ ሰው ሲለብሰው እጅጌው ያጥራል፣ አጭሩን ደግሞ ይውጠዋል። ፎቶው ሁሉ አገር ቤት ይላካል። መኪናው የኔ ነው ብሎ የጻፈ የለም፤ አይደለም ብሎ የጻፈም የለም።

ፀዲ መሳቢያ ስባ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች የሰጧቸውን ፎቶዎች አወጣች። ካፖርቱ ያው፣ ታርጋውም ያው ነው። ለኤግዚቢሽኑ ባዘጋጀችው ጽሑፍ ላይ «የዘመኑ ስደተኞች ይህን ሞዴል ይመርጡ ነበር» ብላ ነበር። አፏን በጓንቷ ይዛ ሳቀች።

ጋሽ ምሩጽ አጉሊ መነጽሩን ተቀብለው የወጣቱን እጅ አሳዩዋት። ከኮፈኑ በላይ ጣት በምታህል ክፍተት ተንሳፍፏል። የመኪናው ባለቤት ከካሜራው ጀርባ ቆሞ የጣት አሻራ እንዳይተዉበት እየጮኸ ነበር አሏት።

የሳቸው ከታረመ የሌሎቹም ሊጋለጥ ነው፤ ፀዲ ቤተሰቦቹ ቅር እንዳይላቸው ፈራች። እንዳለ ቢቀርስ ማንን ይጎዳል ስትል በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«የነሱን እነሱ ያውቃሉ። የኔን አስተካክይልኝ።»

እዚያው ቁጭ ብላ «ምሩጽ የሕንጻው ጠባቂ መኪና አጠገብ» ብላ ጻፈች። ሁለት ጊዜ አንብበው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአርባ ዓመት በኋላ ይህን ያህል የከበዳቸው ለምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ምሩጽ እስክሪብቶዋን እስክታስቀምጥ ጠበቁ።

«ይቺን እንዳትጽፊያት፣ ልጄ። ሁለት ቅጂ ነበር ያሳጠብኩት፤ አንዱን ጎንደር ለእናቴ ላክሁ። በወሩ ታናሽ ወንድሜ ጌዴዎን ሱዳን እገባለሁ ብሎ በእግሩ ወጣ። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ‹አሜሪካ ስደርስ ምሩጽ በመኪናው መጥቶ ይቀበለኛል› ብሏት ነው የሄደው። ፎቶውን ይዞት ነበር። የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አናውቅም።»