የዘይት ማፍሰሻዋ ብሎን

ነገሩ ሲጀምር በስሱ ነበር። ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ «ቋ፣ ቋ» ይልና ሲሞቅ ዝም ይላል። ሹፌሩም አብሮ ዝም ይላል። ቀጥሎ ሲሞቅም ማንኳኳት አመጣ፤ ቀጥሎ ዳገት ላይ፣ ከዚያ ቁልቁለትም ላይ። በመጨረሻ ከመኪናዋ ቀድሞ ድምፁ ሰፈር ይደርስ ጀመር። መኪናዋን «ጣውንቴ» እያለች የምትጠራት ሚስቱ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ጣውንቴ ዛሬ ጥርሷን እያፋጨች ነው የመጣችው። ኋላ መንገድ ላይ ትሞትብሃለች፤ ሐኪም ጋ ውሰዳት እንጂ!»

ጣውንት ማለቷ ያለነገር አይደለም። ሹፌሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ መንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት መሐንዲሶችን ተራራ ለተራራ ያመላለሰው በዚችው አሮጌ የፊልድ መኪና ነው። ጡረታ ሲወጣ እሷንም በጨረታ አወጧት። ለእሱ ኬክ ተቆርሶ፣ ንግግር ተደርጎ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠው፤ እሷን ግን ማንም ዞሮ አላያትም። አላስቻለውምና ገዛት። አሁን ሌላ መኪና ወደማይደፍረው ወደ ዳገቱ ማዶ መምህሩንም ነርሷንም እያወጣ ይኖርባታል።

ሁለት ጋራዥ ሄደ። የመጀመሪያው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አዳመጠና «አባባ፣ ይቺ እኮ ለሙዚየም ናት» አለው። ሁለተኛው ቅን ሰው ነበር።

«ይህን ሞተር አውርዶ እንደነበረ የሚመልስ በከተማው አንድ ሰው ነው የቀረው። ከድልድዩ ማዶ ያለውን መካኒክ ያውቁታል?»

ያውቀዋል። እንዴት አያውቀው! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ያ ሰው የመሥሪያ ቤቱ ዋና መካኒክ ነበር፤ ከሹፌሩ ጋር ደግሞ ከአንድ ሳህን የሚበሉ ጓደኛሞች። አንድ ሰኞ የመኪናዋን ዘይት ቀየረ። ረቡዕ ሹፌሩ ከተራራ በዝናብ ሲወርድ ከሥሩ «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ድንጋይ ገጭቷል። ወርዶ ማየት ነበረበት፤ ጭቃውን ፈርቶ ሰነፈ። ድንጋዩ ለካ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ ጭሮ የማፍሰሻዋን ብሎን አላልቷት ኖሯል። ዘይት ሲያልቅ የሚበራው መብራት ያለምክንያት እየበራ ስላስቸገረው ከወራት በፊት ፕላስተር ለጥፎበታል። ሃያ ኪሎ ሜትር ሄዶ ሞተሩ ድርቅ ብሎ ቆመ። ጎታች መኪና እስኪመጣ ሹፌሩ የሠራት አንዲት ሥራ ብትኖር ፕላስተሯን ልጦ ኪሱ መክተት ናት።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም በዕድሜያቸው ብሎን አጥብቀው አያውቁም። «የገጨኸው ነገር አለ?» አሉት። «አላስታውስም» አላቸው። ብሎኗ የለችም፣ ዘይቱን ሰኞ የቀየረው መካኒኩ ነው፤ በቃ፣ «አላጠበቀም» ተብሎ ተጻፈና ከሥራ ተሰናበተ። ሹፌሩ ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ግን ከሆዱ ውስጥ ነቀዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መካኒኩን በሩቅ ካየ መንገድ ይቀይራል፤ ሠርግ ቤት ካለ እሱ ይቀራል፤ በድልድዩ ማለፍም ተወ። መኪናዋን የገዛት ጊዜ ከሥሯ ተጋድሞ ሲያይ የድንጋዩ ጠባሳ ከብሎኗ ቀዳዳ አጠገብ፣ ከጭቃና ያኔ ሞተሩን የጠገኑት ሰዎች ሳይጠይቁ ከቀቡት ቀለም ሥር፣ ጣት አክሎ ተጋድሟል። ኮፓውን አውርዶ የሚያጥብ ሁሉ ያየዋል። ሞተር ደግሞ ኮፓ ሳይወርድ አይታደስም።

ሦስት ቀን አንገራገረ። በአራተኛው ቀን ዳገቱ ላይ ነርሷን እንደጫነ ሞተሩ አጓራና፣ ሌላ ምርጫ እንደሌለው ገባው።

መካኒኩ ሸምግሏል። ጸጉሩ ነጭ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ ነው።

«እንዴት ነዎት?» አለው።

አንቱታው ከጥፊ ይልቅ አመመው። «ደህና፤ እርስዎስ?» ከማለት ሌላ አፉ እሺ አላለውም። መካኒኩ የእንጨት ዱላ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ።

«የቢየላው ኩሽኔት አልቋል፤ የሚያንኳኳው የፒስተኑ ክንድ ነው። ይወርዳል።»

ሞተሩ ወረደ። ሹፌሩ ሁለት ቀን የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ የራሱን ሆድ ዕቃ እንደሚከፍቱበት ሰው፣ ዓይኑን ሳይነቅል አየ። መጀመሪያ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተፈታ። መካኒኩ የፈታውን ሁሉ በየተራው ጨርቅ ላይ ይደረድራል፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ደግሞ እያንዳንዱን በነጥብ ይመታል። እጁ እንደ ድሮው ነው፤ አይቸኩልም፣ አይስትም።

በሁለተኛው ቀን መካኒኩ ምሳውን ሊበላ ወጣ። ሹፌሩ ከሞተሩ ጋር ብቻውን ቀረ። መዶሻው አጠገቡ ነው። ኮፓውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመታው፣ ጠባሳው ከሌላው ጉድጓድ ጋር ይመሳሰላል፤ ማን ያውቃል? ብድግ አድርጎ ያዘው። ያፈረው ግን እዚያው መዶሻው እጁ ላይ እንዳለ ነው፤ መልሶ አስቀመጠው።

መካኒኩ ሲመለስ መፍቻ ይዞ የማፍሰሻዋን ብሎን ሊፈታ አጎነበሰ። ፈታት፣ መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣት፤ ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ያላወጣውን ነገር አወጣ።

«የያኔዋን ብሎን ሳላጠብቅ ትቻት ይሆን? እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያጠበቅሁ ይመስለኛል። ግን ያቺን ቀን ስንቴ እንዳስታወስኳት... እጄ መፍቻውን ሲያዞር አየዋለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ያ የሌላ ቀን ይሆናል እላለሁ። አሁን አንዷን ብሎን ሦስት ጊዜ ሳልነካ መኪና አልሸኝም። ሥራውን ማጣቴ ምንም አይደል፤ ከሰው ቤት ወጥቼ የራሴን ከፈትኩ። እጄን ማመን ግን አቃተኝ።»

ሹፌሩ ከሳጥኑ ተነሳ።

«አጥብቀሃት ነበር» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«አጥብቀሃት ነበር! ድንጋይ ገጭቼ ነው። ሰምቻለሁ፤ ዝናብ ነበር፣ አልወረድኩም። መብራቱ ላይ ፕላስተር የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ አላስታውስም ያልኩትም እኔ ነኝ። ከብሎኗ ቀዳዳ አጠገብ እጠበው፤ ጠባሳው አለ።»

መካኒኩ ጨርቁን በነጭ ጋዝ ነክሮ ኮፓውን ማሸት ያዘ። ጭቃው ለቀቀ፣ ቀለሙ ለቀቀ፣ ጠባሳው ወጣ። አምፖሉን አስጠግቶ አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ ደግሞ አየ። በጣቱ ከጠባሳው መጀመሪያ እስከ ቀዳዳው ድረስ ሄደበት። ከዚያ ጨርቁን በሙሉ ኃይሉ የሹፌሩ ደረት ላይ ወረወረው።

«አንተ ደንቆሮ! አንተ ከንቱ! አሥራ አራት ዓመት! ጓደኛዬ እንኳ ጥፋቴን አምኖ ሸሸኝ ብዬ ነበር እኮ!»

ሹፌሩ ዱላም ቢመጣ ለመቀበል ቆሞ ነበር። የመጣው ግን ሳቅ ነው። ወደው አይስቁ የሚባለው ዓይነት አይደለም፤ መካኒኩ ከሆዱ ሳቀ፣ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ፣ መሬቱ ላይ ተቀምጦ በዘይት የጠቆሩ እጆቹን ፊቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው።

«አጥብቄያት ነበር» ይላል። «አጥብቄያት ነበር፤ ትሰማለህ?»

«ይቅር በለኝ» አለ ሹፌሩ፤ እሱም አለቀሰ። አንተ እየተባለ መሰደብ እንዲህ አንጀት እንደሚያርስ ማን ነግሮት! ያን ቀን ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በድልድዩ ላይ ቀና ብሎ ሄደ፤ ቤቱ ገብቶም እህል ሳይቀምስ እንቅልፍ ጣለው።

«ይቅርታውን እናየዋለን» ብሎት ነበር መካኒኩ እንባውን እየጠረገ። «መጀመሪያ አንድ ዕዳ አለብህ። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሳ ቤቴ ትወስደኛለህ። ለእኔ የነገርከኝን ቃል በቃል ለሚስቴ ትነግራታለህ።»

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ኩሽኔቱ ተገኘ፣ ፒስተኖቹ አዲስ ቀለበት አገኙ፣ ሞተሩ ገባ። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ሹፌሩ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አሳለና ያዘ። ማንኳኳት የለም፤ የሚሰማው ለስላሳ፣ እኩል የሆነ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠንቀቅ ብለው አዳመጡና እኩል እፎይ አሉ።

የመካኒኩ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። በር ላይ ሲደርሱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ተነሳች። ሹፌሩን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። እሱም ሳይቀመጥ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ድንጋዩንም ዝናቡንም ፕላስተሩንም ኮሚቴውንም አንድ ሳያስቀር ነገራት። ሲጨርስ ስድብ ጠበቀ።

እሷ ግን እሱን አላየችውም። የምታየው ባሏን ነበር።

«አጥብቀሃት ነበር ማለት ነው?» አለች።

«አጥብቄያት ነበር።»

የስፌት ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እኔ ግን ረስቷት ነው ብዬ ነበር የኖርኩት። አንድ ቀን አፍ አውጥቼ አልነገርኩህም እንጂ፣ ረስቷት ነው እል ነበር። ይቅር በለኝ።»

«አውቃለሁ» አላት መካኒኩ። «ለዚህ እኮ ነው እሱን ያመጣሁልሽ።»