ከዳቦ ቤቱ እስከ በሩ

ትናንት ቤቴ ያለውን የአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ መስታወት ልወለውል ጋዜጣ ላይ ኮምጣጤ ሳፈስ፣ ሽታው እትዬ አስካለን ከነቤታቸው አመጣብኝ።

እትዬ አስካለ እዚህ አሜሪካ፣ ዳውንታውን በሚሉት የከተማው መሀል፣ እኛ የምንኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ፣ እናቶቻቸው ካዚኖ ሆቴሎቹ ውስጥ የሚሠሩ ልጆችን፣ እኔንም ጭምር፣ የሚይዙ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ሁሌ ኮምጣጤና የተቀቀለ ድንች ይሸታል። ከሶፋው በላይ፣ አርትስ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ክፈፉ አምሯቸው የገዙት ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ አደባባይ። ባንክ፣ ፋርማሲ፣ ዳቦ ቤት፣ ጉብ ጉብ ያሉ የጥንት መኪኖች፣ መሀሉ ላይ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ደረጃ ያለው የእንጨት በር። ከተማዋ የት እንደሆነች እሳቸውም አያውቁም።

የእናቴ ሺፍት የሚያልቀው አመሻሹ ላይ ነበር። ባስ ሲዘገይ ወይም ኦቨርታይም ሲይዟት፣ እኔ በር በሩን እያየሁ ለለቅሶ እዘጋጃለሁ። ያኔ እትዬ አስካለ ሶፋው ላይ ያቆሙኝና ጣታቸውን ባንኩ ላይ ያሳርፋሉ።

«ይኸው፣ እናትሽ ከባንኩ ወጣች።»

ጣታቸው ቀስ እያለ ይሄድና ፋርማሲው ጋ ይቆማል።

«ሰው አገኘች ደግሞ! እናትሽ ወሬ ከያዘች ታውቂያታለሽ።»

ጣታቸው የእንጨቱ በር ላይ ሲደርስ የእኛ በር መንኳኳት ነበረበት። ስለዚህ እናቴ በዘገየች ቁጥር ዳቦ ቤት ገብታ ወረፋ ትይዛለች፤ ዳቦው አልበሰለም ይሏታል፤ ቦርሳዋን ረስታ ትመለሳለች። አንድም ቀን ጣታቸው ከእናቴ ቀድሞ በሩ ላይ ደርሶ አያውቅም። በኋላ የእጃችንን እድፍ ከመስታወቱ ላይ በኮምጣጤ ይወለውላሉ። ውሸታም ነበሩ፤ እንደሳቸው ያለ ደግ ውሸታም ግን ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ካዚኖዎቹ ተዘግተው እኔም እናቴም ከሥራ በወጣንበት በፈረንጆቹ 2020፣ ብርዱ ሲገባ እትዬ አስካለን ኮቪድ ያዛቸውና ሆስፒታል ገቡ። ጠያቂ አይገባም። ልጅ ስለሌላቸው የቤታቸው ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። በቪዲዮ ላሳያቸው ብዬ ፎቶግራፉን ከግድግዳው አወረድኩና ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ድረስ ነዳሁ። መሪው ላይ አስደግፌው ደወልኩ። ነርሷ ስልኩን ያዘችላቸው።

«ማሚቱ፣ የት ደረስሽ?» አሉኝ። ድምፃቸው በኦክስጅኑ ጩኸት ተውጦ ነበር።

አያስገቡኝም ማለት አቃተኝ። ካሜራውን ወደ ፎቶግራፉ አዞርኩና ጣቴን ባንኩ ላይ አደረግሁ።

«ከባንኩ ወጣሁ፣ እትዬ።»

«ቶሎ በይ።»

«ፋርማሲው ጋ ነኝ። መድኃኒትዎን ልያዝልዎ ብዬ ነው።»

«ወሬ እንዳትይዢ።»

ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ካለፍኩ ማንኳኳት አለብኝ፤ የማንኳኳው በር ደግሞ የለኝም። ወረፋ ነው አልኳቸው። ዳቦው አልበሰለም አልኳቸው። ቦርሳዬን ረሳሁ አልኳቸው። ያስተማሩኝን ሁሉ ጨረስኩ።

«እሺ፣ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ።

ነርሷ ደክሟቸዋል ብላ ስልኩን ዘጋችው። በማግስቱ አረፉ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ እሳቸው አንድም ቀን በከንቱ አላስጠበቁኝም፣ እኔ ግን አስጠበቅኳቸው።

ፎቶግራፉ እኔ ጋ ቀረ። ባለፈው ሳምንት እናቴ መጥታ አየችውና፣ «ይሄ ደግሞ የት አገር ነው?» አለችኝ። ሁሌ በሩ ላይ ቆማ ነበርና የምትወስደኝ፣ ልጅነቴን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ የምታቋርጠውን አደባባይ አላወቀችውም። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሥራ ካጣች ዓመት ሊሞላት ነው፤ የምትመለስበት ሺፍትም የለም።

ትናንት መስታወቱን ከባንኩ ጀምሬ ወለወልኩት። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ እስከ በሩ ያለችው መንገድ ከነአቧራዋ አለች።