የሉባባ የተደመሰሰ ስንኝ

የአልኮል ሽታ በሸተተኝ ቁጥር፣ ክሊኒክ ውስጥ እንኳ ብሆን፣ ትዝ የሚለኝ መርፌ ሳይሆን አባቴ ነው። ቦሳ አዲስ ሰፈር የነበረው ቤታችን የፊት ክፍሉ ካሴት ቤት ስለነበር፣ አባዬ በየጠዋቱ ጥጥ አልኮል እያስነካ የቴፑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ ሲወለውል፣ ሽታው ጓዳ ድረስ ይዘልቅ ነበር።

ቡና በሚለቀምበት ወራት የሊሙ ገነት ሰዎች ኪሳቸው ሞላ ብሎ ሲመጡ፣ ከስመ ጥሮቹ ዘፋኞች አስቀድመው የሚጠይቁት የአክስቴን የሉባባን ካሴት ነበር። ሉባባ የአባዬ ታናሽ እህት፣ በየሰርጉ እየተጠራች የምትዘፍን፣ ለማንም የማትበገር ሴት ነበረች። አባዬ ሳሎናችን ውስጥ በቀዳላት ዘፈን ላይ ሙሽራዋ ሽማግሌዎቹን «የመረጣችሁልኝን እናንተው አግቡት» ትላቸዋለች። እኛ ሴቶቹ ልጆች ይህችን ስንኝ ውሃ ስንቀዳም፣ ትምህርት ቤት ስንሄድም እንላት ነበር።

ቡናው ተለቅሞ እንዳለቀ የቀበሌው ሹም መጣና ዘፈኑ ሴት ልጅ ያባልጋል አለ። አባዬ ሱቁ እንዳይዘጋበት ፈርቶ ተለማመጠው።

«ጌታዬ፣ ቀይ ወረቀት ልለጥፍበት፤ ለልጁ የማይፈልግ ወላጅ አይቶ ይለፈው።»

«ይደምሰስ ብያለሁ!»

አባዬም ስንኟን ደመሰሳት፤ በቦታዋ ዝምታ ገባ። እኔ ተንሰቅስቄ ሳለቅስ ሉባባ ግን ሳቀችብኝ።

«ሆማ ሚቲ፣ ምንም አይደል የኔ ልጅ፤ ወላሂ፣ የሰውን አፍ አልደመሰሰም!»

ክረምቱን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አባዬ ያንን ካሴት አንዴም ሳያጫውት አንገቱን ደፍቶ ከረመ።

የሰርግ ወራት ሲገባ የጎረቤታችን ልጅ ተዳረች፤ ሹሙም ዳሱ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ያ የተደመሰሰው የሉባባ ካሴት ተከፍቶ ዝም ያለበት ቦታ ሲደርስ፣ ሴቶቹ በሙሉ፣ እናቴም ሙሽራዋም ሳይቀሩ፣ ስንኟን በአንድ ድምፅ ሞሏት። ሹሙ ማንን ይክሰስ? ካሴቱ እንደሆነ ትእዛዙን አክብሮ ዝም ብሏል። አባዬ እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ዛሬ ልጄ በስልኳ ዘፈን ስትከፍት ለልጆች እንደማይሆን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ይወጣል፤ ሬዲዮው ደግሞ ያልወደደውን ቃል ቆርጦ ያስተላልፋል። ምልክቱን አልጠላውም፤ እናት ነኝና ሰምቼ እወስናለሁ፣ አባዬም ቀይ ወረቀት ልለጥፍ ብሎ ነበር። በእኔ ፈንታ ሰምተው፣ በእኔ ፈንታ ፈርተው ቆርጠው ሲልኩልኝ ግን ደሜ ይፈላል። ሉባባ አሁን በሕይወት የለችም፤ ካሴቷም እንደተደመሰሰ አለ። ለልጄ ስከፍትላት ግን፣ ዝምታው ጋ ሲደርስ ከእኔ ቀድማ ስንኟን የምትለው እሷ ናት።