ጋሽ መቀስ ያላያት ንግሥት

ልብስ ሰፊው ዕድሜ ልኩን ዓይኑን አምኖ የኖረ ሰው ነው። የቼዝ ክበቡ ሰዎች ጋሽ መቀስ ይሉታል፤ ተጋጣሚውን ቆራርጦ ነዋ የሚጥለው። ከዓመት ወዲህ ግን ያየው ሁሉ ጭጋግ ለብሶበታል። ክሩን በዳሰሳ ያሾልካል፣ ስፌቱን በልማድ ይነዳል፤ ለሰው ግን ትንፍሽ አላለም።

ሚስቱ አንድ ኮሌታ ተጣሞ ብታይ ጥርጣሬ ገባት። "ዓይንህ ከደከመ የስፌት መኪናውን ለእህትህ ልጅ እንስጠው" አለችው።

"የኔ ዓይን? እሑድ ውድድሩ ላይ መጥተሽ እዪኛ! ዕውር በቼዝ ሲያሸንፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

መጣች። ከኋላው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የደረሰው ተጋጣሚ ጀማሪ የታክሲ ሹፌር ነበር። "ጋሼ፣ እንዳይጨክኑብኝ፤ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል እንኳ ገና መማሬ ነው" ሲል ሰው ሳቀ። ጋሽ መቀስ የራሱን ጠጠሮች በልቡ ይዟል፤ የሹፌሩን ከክንዱ አቅጣጫና ከእንጨቱ ድምፅ ይገምታል። ከጎበዝ ጋር ቢሆን ያዋጣው ነበር፤ የጎበዝ መንገዱ ይታወቃል።

በፈረሱ የሹፌሩን ንግሥት አስፈራራ። መሸሻዋ የቀኙ ጥግ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ የጋሽ መቀስ ግንብ አድፍጦ ይጠብቃታል። የሹፌሩ ክንድ ወደ ቀኝ ሄደ፤ እንጨት ቀጭ አለ። ሸሸች፣ አለ በልቡ። ሊያነሳት እጁን ወደ ጥጉ ሰደደ፤ ጣቶቹ ባዶ ሰሌዳ ላይ ተጋጠሙ።

ሹፌሩ አደጋውን ጭራሽ ልብ አላለውም፤ የዳሩን ወታደር ነበር የገፋው። የሌላውን ስህተት አስቀድሞ ማየት ለማንም ዓይን አልተሰጠም፤ ለጤነኛው እንኳ።

"ጋሼ፣ ንግሥቴ እዚህ ናት እኮ!" አለና በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት። "እዚያ ምን ይፈልጋሉ?"

"ሲያላግጥብህ ነው፣ አንተ!" ብሎ አንዱ ተመልካች አሽካካ። "የት መሸሽ እንደነበረባት እያሳየህ እኮ ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጋሽ መቀስም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? የጥፍሩ ድምፅ በመጣበት በኩል ፈረሱን ሰድዶ ንግሥቲቱን በላት። ብዙም ሳይቆይ አሸነፈ። "ዓይን ማለት ይሄ ነው!" እያሉ ትከሻውን መቱት።

ከኋላው ብቻ ሳቅ አልተሰማም።

ኮቱን ያለበሰችው እሷ ናት። ኮሪደሩን ጨረሱት። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ክንዱን ያዘችው።

"ደረጃ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"የእህትህን ልጅ ነገ እጠራዋለሁ።"

 በጫማው ጫፍ የደረጃውን ጠርዝ ፈልጎ አገኘና፣ የስፌት መኪናው ፔዳል ይመስል ቀስ አድርጎ ረገጠው።