ለልጄ የቸኮልኩበት ደብዳቤ

ዛሬ ጠዋት ሬዲዮው «ድርድሩ ፈርሷል» ሲል ለሥራ ያሰርኩትን ጫማ መልሼ ፈታሁት።

ከሁለት ሳምንት በፊት የውጭ አገር አስታራቂዎች የኢትዮጵያን መንግሥትና አማፂዎቹን ፊት ለፊት አስቀመጡ ሲባል፣ ጎንደር ከወታደር አፈሳ ሸሽቶ ጫካ ለተደበቀው ልጄ ጻፍኩለት። አንድ፣ ጦርነቱ አብቅቷል። ሁለት፣ ከጫካ ውጣ። ሦስት፣ ከተማ ገብተህ ትምህርትህን ቀጥል።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ከተቀመጠ ሳያስታርቅ አይነሳም ብዬ ነው። እነዚህኞቹ ግን ምሳቸውን በልተው ወደ አውሮፕላናቸው!

ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ እስኪፈራረሙ ብትጠብቅ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ሥራዬን ትቼ፣ እዚህ እስራኤል ከፔታ ቲክቫ ፖስታ ቤት፣ ደብዳቤያችንን ለሚያስተላልፍልን ሮም ላለው ዘመዳችን ደወልኩ። «ጋሼ፣ ትናንት ላኩት እኮ» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ወደ ጎንደር ቶሎ መልእክት ያደረሳችሁት በማን በኩል ነው? እኔ የምልከው «አትውጣ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት።