ንጉሡ ለምን አይሞትም?

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባለቤቴ አልሰማውም። በንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ትንንሽ ኃጢአቶቼን ስዘረዝር ይህን አንዱን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። ዛሬ ለእርስዎ፣ ለማላውቅዎ አንባቢ፣ እናገረዋለሁ።

በደሌ አንዲት ጥያቄ ናት። በስብሰባ መካከል እጄን አውጥቼ፣ በተረጋጋ ድምፅ የጠየቅኋት የሦስት ቃል ጥያቄ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሐዋሳ በአማርኛ መምህርነት ከተመደብኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የትምህርት ቤታችን ታይፒስት አስቴር ትባል ነበር፤ ከዐሥረኛ ክፍል ያቋረጠች፣ የምታመልክበት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን የታሸገባት፣ ዝምተኛ ሴት። አንድ የውጭ አገር መምህር ትተውት የሄዱትን ሣጥን ሙሉ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገለች አንብባ ጨረሰችና የራሷን ቴአትር ጻፈች። ቴአትሩ ስለ ኤልፎች ነው፦ ጆሯቸው ስለሾለ፣ ጥንታዊ ጫካ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ እርጅናም ሞትም ስለማይደርስባቸው ሕዝቦች።

ንጉሣቸው ኢሌሮ ይባላል። ስምንት መቶ ዓመት የነገሠ፣ የማይነጥፍ ምንጭ ያለበትን የጫካውን በር በሰው ልጆች ላይ የዘጋ ንጉሥ ነው። ከበሩ ውጭ ያሉት በድርቅ እያለቁ፣ «ምንጩን ሰስቶ ነው፤ ኩሩ ነው፤ ይንቀናል» ይሉታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኢሌሮ በወጣትነቱ አንዲት የሰው ልጅ ወስዶ አሳድጓል፤ እርሱ ሳያረጅ እርሷ አርጅታ በእጁ ላይ ሞታለች፤ በገዛ እጁ ቀብሯታል። በሩን የዘጋው ሌላ ሰው ወድዶ ሌላ ሰው ላለመቅበር ነው። በመጨረሻው ትዕይንት አንዲት እናት ልጇን አዝላ በሩን ታንኳኳለች፤ ንጉሡም የሚገቡትን ሁሉ አንድ በአንድ እንደሚቀብር እያወቀ ይከፍትላታል።

ያን ጽሑፍ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አንብቤ፣ አንዲት መስመር ሳላሰምር ጨረስኩ። እኔ በዚያን ጊዜ አራት ዓመት የደከምኩበት ልብ ወለድ ነበረኝ፤ በውስጡ አንድም የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። አንዲት ታይፒስት፣ በቢሮ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ጥፋቱ ከፍቅሩ የሚመነጭ ንጉሥ ፈጠረች። ቀናሁን? አዎ፣ ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ዓመት ሞክሬአለሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቴአትሩ ባህል አዳራሽ ከመታየቱ በፊት የገምጋሚ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ሁሉም ሰው ደስ ብሎት እንደነበር ነው። የስፖርት መምህሩ ተነሥቶ፣ «ጓዶች፣ ይህ ንጉሥ ያን የሚያህል ጆሮ ይዞ ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ የሰፊውን ሕዝብ እሮሮ አልሰማም ማለት ነው?» ሲል ሊቀመንበሩ ሳይቀር ሳቀ። ቴአትሩ በሳቁ መካከል ሊያልፍ ነበር። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ንጉሡ ለምን አይሞትም?»

መልሱን አላውቅ ኖሮ ነው? ከዚያ ክፍል ውስጥ ከአስቴር ቀጥሎ መልሱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ! ንጉሡ የማይሞተው ቀባሪ ሆኖ መቅረት ስላለበት ነው፤ የበሩ መከፈት ዋጋው እርሱ ነው። ያን አውቄ ጠየቅሁ። በዚያ ዘመን ንጉሥ በሕይወት የሚተርፍበት ቴአትር ለደራሲው ምን እንደሚያመጣም አውቄ ጠየቅሁ። የአስቴር ወንድም ከጥቂት ዓመታት በፊት ተወስዶ ሬሳው እንኳ ለቤተሰቡ እንዳልተመለሰ አውቄ፣ ስለ መቅበር የጻፈችው ከየት እንደመጣ አውቄ ጠየቅሁ።

አስቴር በቁጣ አላየችኝም። መልሱን እንድትናገር ዕድል የሰጠኋት መስሏት በምስጋና አየችኝ። ልትናገር ስትነሣ ሊቀመንበሩ አቋረጣት። «ጥያቄው መሠረታዊ ነው። ለመሆኑ ይህን ያጻፈሽ ማነው?»

ያን ጊዜ ፈራሁና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ የልምድ ማነስ ነው፤ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። ራሴ ላቃጠልኩት ቤት ውኃ ይዞ እንደመጣ ጎረቤት ተቆጠርኩ።

በሦስት ቀን ውስጥ ኢሌሮን ስስታም አደረግሁት። ያሳደጋትን ልጅ ሰረዝኩ። በመጨረሻም፣ «ምንጩ የእኔ ነው! ጠብታ አልሰጥም!» እያለ በሕዝቡ ጦር እንዲወጋ ጻፍኩ። ኮሚቴው አጸደቀ። በተባዛው የፕሮግራም ወረቀት ላይ ከ«ድርሰት» ትይዩ የታተመው ስም የእኔ ነበር። ስቴንስሉን የመታችው አስቴር ናት።

ኢሌሮን የሚጫወቱት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጋሽ ዳንጊሶ ነበሩ፤ ከከተማው ውጭ ካለችው ከቱላ በእግራቸው የሚመጡ፣ ሲዳምኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ረጅም ሰው። እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ጋሽ ዳንጊሶ የካርቶን ጆሮና የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተለጠፈበት ዘውድ አድርገው ሲወጡ ልጆቹ «የአህያ ጆሮ!» ብለው አላገጡ። እርሳቸው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

እናቲቱ ልጇን አዝላ አንኳኳች። ጋሽ ዳንጊሶ የእኔን ቃል ተናገሩ፤ አንዲት ፊደል አላጎደሉም። ግን አልጮኹም። «ጠብታ አልሰጥም» አሉ ቀስ ብለው፣ ሰው መርዶ ሲሰማ እንደሚናገረው፤ ያንንም እያሉ እጃቸው የበሩን መወርወሪያ ሳበ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ጦር ይዘው የወጡት ተማሪዎች ሊሰብሩት የመጡት በር ተከፍቶ ሲጠብቃቸው ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

ከአዳራሹ መካከል አንዲት ሴት፣ «ኧረ ተዉት! ከፈተላችሁ እኮ!» ብላ ጮኸች።

ጦሮቹ አንድ በአንድ ወደ መሬት ወረዱ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሊቀመንበሩም ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትምና አጨበጨበ። በማግስቱ፣ «ንጉሡ ለሰፊው ሕዝብ ትግል ተንበርክኳል» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ማንም አልተነካም።

ከመጋረጃው ጀርባ ሄጄ ጋሽ ዳንጊሶን ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። ጆሯቸውን እየፈቱ፣ «የኔ ልጅ፣ አስቴር ስታስጠናኝ በሩ ይከፈታል አለችኝ። እናንተ የቀየራችሁት ቃል ነው። እጅ የቀየረ የለም» አሉኝ።

በዚያች ቀን ተሸነፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሽንፈት ያስደሰተኝ ድል የለም! ቃሉ በሙሉ የእኔ ነበር፤ ልቡ የእርሷ ነበር፤ ልቡ አሸነፈ። ታዲያ ያን ዕለት ስለ ምን አልተናዘዝኩም? አስቴር ዐይኗ እንባ አቅርሮ፣ «መምህርት፣ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ እኔም ንጉሡም አልቀን ነበር» ብላ እጄን ስትስመኝ፣ እጄን አልነጠቅኋትም። የመጀመሪያውን ጽሑፏን በአደራ ስትሰጠኝ ተቀበልኩ። በከተማችን ፒያሳ ስሄድ «የኢሌሮ ደራሲ» ብለው ባርኔጣ ላነሡልኝ ሁሉ አንገቴን ሰበር አድርጌ አመሰገንኩ። ጥያቄዬ የአንድ ቅጽበት በደል ነበረች፤ ይህኛው ግን የሃያ ስድስት ዓመት ነው።

ባለፈው ወር አስቴር አሁን ከምትኖርበት ከቱላ መጥታ ቴአትሯን ልታሳትም እንደሆነ ነገረችኝ፤ መቅድሙንም «ካዳኑት ሰው በቀር» ማንም እንዳይጽፈው ለመነችኝ። የሚያነቡት ያ መቅድም ነው። አስቴርም የምታነበው እንደ እርስዎ፣ ታትሞ ሲወጣ ነው። ቀድሜ ብነግራት ይቅር ብላኝ መቅድሙን ታስቀረዋለች፤ አውቃታለሁ። ስለዚህ ይቅርታዋን አስቀድሜ አልለምንም፤ ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም። ጥያቄውን ዘመኑ አልጠየቀም። እኔ ጠየቅሁ።

በአደራ የተሰጠኝን ጽሑፍ ከፊደል እስከ ነጥብ አመሳክሬአለሁ። ያሳደጋት ልጅ ተመልሳለች፤ መቃብሯም በቦታው ነው። ከእኔ ቃል አንድም በውስጡ የለም። ገጹን ይግለጡት፤ እናቲቱ ልታንኳኳ ነው፣ ንጉሡም በሕይወት አለ።