ምራቅና ቫልቮላ

ሥራ የገባሁ ቀን የተረከብኩት ንብረት ይህ ነው፤ አንድ የእንጨት ሳጥን፣ ሃምሳ ስላይድ፣ የጣት መብጫ መርፌ፣ ጥጥ፣ አልኮል፣ አንድ ጣሳ ሙሉ የወባ ኪኒን፣ እና አንድ ጥቁር የወንድ ብስክሌት። ከሳጥኑ እስከ ኪኒኑ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ወር ተምሬበታለሁ። ብስክሌቱን ግን በሩቁ አየሁት እንጂ ነክቼው አላውቅም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ደሴ፣ የወባ መከላከያው ዋና ቢሮ፣ ለቅጥር ስንቀርብ አለቃው ጓድ ደምሴ «የወባው አገር ቆላው ነው፤ ለደም ናሙና ወሳጅ ደግሞ መኪና የለንም። ብስክሌት ትችያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ከእኔ በፊት የገቡት ሁለት ሴቶች «አልችልም» ብለው አቀርቅረው ሲወጡ አይቻለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እንዴታ!» አልኳቸው።

«እንግዲያው የሙከራ ጊዜሽ አርባ አምስት ቀን ነው» አሉኝ። «በአርባ አምስተኛው ቀን እኔው ራሴ ኮምቦልቻ ወርጄ አይሻለሁ። ካልሆነልሽ ወደ መጣሽበት ነው።»

የመጣሁበት ቢስቲማ ነው። ዘሐራ የመንግሥት ሥራ ያዘች ተብሎ በግ ታርዶ፣ ሰደቃ ወጥቶ፣ ሽማግሌው ሁሉ ዱዓ አድርጎ ነው የሸኘኝ። በአርባ አምስት ቀኔ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ብመለስ ያን በግ የበላ ሁሉ ምን እንደሚለኝ እናንተው አስቡት። ቢስቲማ በእንዲህ ያለ ነገር አይምርም።

የኮምቦልቻው ቅርንጫፋችን ሁለት ክፍል ነበር። በአንዱ ማይክሮስኮፕ አለ፤ ሁለተኛው የጋሽ ይማም ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ጋሽ ይማም በወጣትነታቸው ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩ፣ ጺማቸው የሸበተ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ሞዴል 22 የሚባለው የንብረት ማውጫ ቅጽ ካልተሞላ መርፌ እንኳ ከእጃቸው አይወጣም።

ብስክሌቱን አምጥተው ከፊቴ አቆሙት። እኔም ደፈር ብዬ ቀረብኩና ኮርቻውን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት።

«በቅሎ መሰለሽ?» አሉኝ።

እጄን ሰበሰብኩ።

«ወጥተሽበት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ለጓድ ደምሴስ ምን አልሻቸው?»

«እንዴታ አልኳቸው።»

ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ ጺማቸው ተንቀጠቀጠ። «ወላሂ፣ በመንግሥት ሥራ እንዲህ ያለ ደፋር አይቼ አላውቅም! አብሽሪ፣ ከእኔ አፍ አይወጣም» አሉኝ። ያኔውኑ ወደድኳቸው።

ትምህርቱ ከቢሮው ጀርባ ባለው ሜዳ ተጀመረ። ከቀሚሴ ሥር የወንድሜን ሱሪ ታጥቄያለሁ። ጋሽ ይማም ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ ይጮኹብኛል፤ «ወደ ፊት እዪ! መሬቱን ምን ታፈጪበታለሽ፣ ሳንቲም ጣልሽ?» በአራተኛው ቀን እየነዳሁ ወሬ ሳወራላቸው መልስ አጣሁ። ዞር ብል እሳቸው ሜዳው ጫፍ ላይ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ለካ ብቻዬን ነበርኩ! ደስታዬ አላስችል አለኝና ሁለት እጄን ለቅቄ እልልታዬን አቀለጥኩት። እልልታው ሳያልቅ ቁልቋሉ አጥር ውስጥ ተገኘሁ። እሾሁን ሲነቅሉልኝ እሳቸውም ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ።

መንዳቱ ሲገኝ ደግሞ የጎማው ነገር መጣ። የኋላው ጎማ ለሰለሰ፤ ፖምፓ ብጠይቅ «ደሴ ነው» አሉኝ። ብስክሌቱና ፖምፓው አብረው ቢመጡም ዋናው ቢሮ ሲደርሱ ብስክሌቱ «ተሽከርካሪ»፣ ፖምፓው «የእጅ መሣሪያ» ተብለው በሁለት መዝገብ ገቡ። ተሽከርካሪው ኮምቦልቻ ወረደ፤ የእጅ መሣሪያው ደሴ ቀረ።

ጋሽ ይማም ደብዳቤ ጻፉ። ጥያቄው ሁለት መስመር ነው። ከሥሩ በዘመኑ ደንብ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» የሚል አለ።

«ጋሼ፣ ለአንድ ፖምፓ ሞት አልበዛም?» ብላቸው፣

«ዝም በይ፣ ያለ እሷ ደብዳቤው አይነበብም» አሉኝ።

መልሱ እስኪመጣ መታገሥ አቃተኝ። ብስክሌቱን እየገፋሁ የአሰብ መኪኖች ወደሚቆሙበት ጎሚስታ ሄድኩ። ጎሚስታው የካሚዮን ጎማ የሚሞላበት ኮምፕሬሰር ነው ያለው። አፉ አልገጥም ሲለው በጨርቅ ጠቀለለና አየሩን ለቀቀው። «ይበቃል» ልል አፌን ስከፍት ጧ! አለ። ተኩስ እንግዳ ያልሆነበት ጊዜ ነውና ሾፌሮቹ ሁሉ መኪናቸው ሥር ገቡ። አንደኛው አንገቱን ብቻ አወጣና «ማን ሞተ?» አለ።

«ካላማዳሪ» አለ ጎሚስታው፤ የተበጣጠሰውን የውስጥ ጎማ አንጠልጥሎ።

ጋሽ ይማም ሲሰሙ ተቆጡ። ቁጣቸው ሲበርድ ከግምጃ ቤቱ አንድ አዲስ ካላማዳሪ አወጡልኝ። «ያለችኝ ይቺ ብቻ ናት። ይቺም ከፈነዳች አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እኔም ቢስቲማ ነኝ» አሉ።

በሳምንቱ ፖምፓው በጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ደረሰ። በዚያው ቀን ጋሽ ይማም ጠቅላላውን ሥራ አሳዩኝ። ዳዶውን በአሥራ አምስት ቁልፍ መፍታት፤ በሁለት ማንኪያ እጀታ ጎማውን ከቸርኬው ማላቀቅ፤ ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ መፈለግ፤ ቀዳዳውን በማስቲሽ መለጠፍ፤ ካቴናውን ዘይት ማጠጣት። ከዚያ መንፋት። «በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ትንሽ ብቻ እሺ ይበል፤ ድንጋይም አይሁን፣ እንጎቻም አይሁን» አሉኝ።

ሁሉም ሲያልቅ ቁጢጥ አሉ። «ቢስሚላህ» ብለው ጣታቸውን በምራቃቸው አራሱና አየር መግቢያዋ ላይ፣ ቫልቮላዋ አፍ ላይ አደረጉ። አንገታቸውን ደፍተው ጥቂት ጊዜ ጸጥ አሉ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ቆቧን ከደኑ።

«አሚን» አልኩ እኔ።

«ይህቺን ጠዋት ጠዋት እንዳትረሺ» አሉኝ።

እኔ ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ ብሎ ሲመርቅ እያየሁ ያደግኩ ነኝ። ምራቁን አየሁ፣ ዝምታውን አየሁ፣ «አልሐምዱሊላህ»ውን ሰማሁ። ሌላ ምን ልበል? ጎማው ተመረቀ ነው ያልኩት። ኮሚኒስት መሥሪያ ቤት ውስጥ ተደብቆ ዱዓ የሚያደርግ ሰው ማግኘቴ ደግሞ ልቤን ሞቅ አደረገው።

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። ጠዋት ከኮምቦልቻ እነሳለሁ፤ ወደ ሐርቡ በሚወርደው አስፋልት ሳጥኔን ከኋላዬ አስሬ እለቀዋለሁ። ቀሚሴ እየተርገበገበ፣ ነፋሱ ሻሼን እየጎተተኝ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ! መንደር ለመንደር እየዞርኩ ያተኮሰውን ሁሉ ጣት እወጋለሁ፤ ሁለት ጠብታ ደም ስላይድ ላይ አሳርፌ ኪኒኑን አስውጣለሁ። ሐርቡ መግቢያ ላይ አንዲት ቃሪያ ሻጭ አስቆመችኝ።

«እህቴ፣ ካልረገጥሽው ይወድቃል?»

«አዎ፣ ይወድቃል።»

«እንግዲያ አንቺ ነሽ የተሸከምሽው።»

ስቄባት ሄድኩ። ቀትር ላይ ግን የኋላው ጎማ ተኝቶ ብስክሌቱን ስገፋ በዚያው በኩል መጣሁ። «አላልኩሽም?» አለችኝ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ጠዋት ጠንካራ የነበረ ጎማ ቀትር ላይ ይተኛል። ዳገቱን እየገፋሁ ስደርስ ማይክሮስኮፑ ተከድኗል፤ የበሽተኞቼ ውጤት ለነገ ያድራል። ያ ያንገበግበኝ ነበር።

ጋሽ ይማም ካላማዳሪውን አወጡ። ቫልቮላዋ በኩል በእጃቸው ይዘው የቀረውን እያዟዟሩ ውሃ ውስጥ ነከሩት። አንድም አረፋ የለም።

«ቫልቮላዋን እንዳሳየሁሽ ጠዋት ጠዋት ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

«አንድም ቀን አጓድዬ አላውቅም። እንዲያውም እኔ ሦስት ጊዜ ነው የማደርገው።»

«ማሻአላህ! እንግዲያ እሷ ደህና ናት» አሉና ጎማው ውስጥ እሾህ ሲፈልጉ ዋሉ። እኔ በበኩሌ የሰው ዓይን ነው ብዬ ኮርቻው ሥር ክታብ አሰርኩበት። ጎማው መተኛቱን አልተወም። ቀኑ ግን እየነጎደ አርባ አምስት ሞላ።

ጓድ ደምሴ በላንድሮቨር ወርደው በጠዋቱ ደረሱ። «በይ፣ ብስክሌቱን ለመንገድ አዘጋጂ። ከዚያ ሐርቡ ደርሰሽ አሥር ስላይድ ይዘሽ ከስድስት ሰዓት በፊት እዚህ ተገኚ» አሉኝ። ወደ ጋሽ ይማም ዞር ብለው ደግሞ «እርስዎ አፍዎን አይከፍቱም» አሏቸው።

ጎማውን በአውራ ጣቴ ጫንኩ፣ ነፋሁ፣ እንደገና ጫንኩ። ፍሬኑን ሞከርኩ። ዳዶዎቹን አጠበቅኩ፣ ካቴናውን ዘይት አጠጣሁ። ጓድ ደምሴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያያሉ፤ ጋሽ ይማም ደረታቸው ተነፍቷል። በመጨረሻ ቁጢጥ አልኩ። ቀኑ የጭንቅ ነውና ጮክ አድርጌ ነው ያደረግኩት፤

«እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ! ያረቢ፣ ከእሾህ፣ ከሰው ዓይን፣ ከጎሚስታም ጠብቀው! አሚን!»

ጋሽ ይማም ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጓድ ደምሴ።

«ዱዓ ነው ጓድ።»

«በመንግሥት ንብረት ላይ? ማን አስተማረሽ?»

«ጋሽ ይማም።»

ጓድ ደምሴ ወደ እሳቸው ዞሩ። ጋሽ ይማም በጣታቸው አፋቸውን አሳዩ፤ አይክፈቱ ተብለዋላ! ትንሽ ቆይተው ግን አልቻሉም። «አንቺ ልጅ! ምራቁን እዪው! ምራቁን!» ብለው ጮኹ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቫልቮላዋ አፍ ላይ ያለው ምራቅ አበጠ፤ ፈነዳ፤ ደግሞ አበጠ። አየሩ የሚወጣው በዚያ ነበር። ከወር በላይ በየጠዋቱ ቀዳዳው ላይ እየተፋሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስለማደርገው አንዲት ቀን አላየሁትም።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ይማም ናቸው፤ ስቀው ስቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። ጓድ ደምሴ ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። የእኔ ሳቅ ከእንባ ጋር ነበር፤ በቃ፣ ወደ ቢስቲማ ነኝ ብያለሁ።

ጓድ ደምሴ ዓይናቸውን ጠርገው «ቀዳዳውን ካገኘሽው ምን ትጠብቂያለሽ? ሰዓቱ እየሄደ ነው» አሉኝ።

ቫልቮላዋን ፈታሁ። የውስጧ ቀጭን ላስቲክ ተሰንጥቃለች። አዲስ ላስቲክ ብጠይቅ ጋሽ ይማም ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ «ሞዴል 22 ሙዪ» አሉኝ! «የቫልቮላ ላስቲክ፣ አንድ፣ ርዝመቱ ሁለት ጣት» ብዬ ሞላሁ። ጓድ ደምሴ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙበት። ላስቲኳን አለበስኩ፣ ነፋሁ፣ ጣቴን በምራቄ አርሼ አስነካሁ። በዚህ ጊዜ ዓይኔን አፍጥጬ ነው ያየሁት። ምራቁ ረግቶ ቀረ።

ያን ቀን እንደበረርኩት በሕይወቴ በርሬ አላውቅም። አሥር ጣት ወጋሁ፣ አሥር ስላይድ አደረቅኩ። በመመለሻዬ ቃሪያ ሻጯ ተቀምጬበት ስታየኝ «ዛሬስ ተራው የእሱ ነው!» ብላ ጮኸችልኝ። ዳገቱን እየተነፋረቅኩ፣ እየሳቅኩ፣ አንዴም ሳልወርድ ጨረስኩት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ ገባሁ።

ጓድ ደምሴ ስላይዶቹን ቆጠሩ። ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫኑት፤ ትንሽ ብቻ እሺ አለ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «ጥሩ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ይህን ያህል ጊዜ ስትሠሪው ለምን አላየሽም?» አሉኝ።

የመለሱልኝ ጋሽ ይማም ናቸው።

«ጓድ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እጄ የሚሠራውን አሳየኋት፤ ዓይኔ የሚያየውን ግን አልነገርኳትም።»

ጓድ ደምሴ የቋሚነት ቅጹን እዚያው ኮርቻው ላይ አስቀምጠው ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ አዳዲስ ናሙና ወሳጆች አሠልጥኛለሁ። ጣት አወጋግ ሳሳይ፣ ስላይድ ሳሳይ፣ ጎማ ሳሳይ አንድ ጥያቄ አልዘልም፤ «አሁን ምን እያየሁ ነበር?» እላለሁ። ካልመለሱልኝ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ሥራ ስታስተምሩ የምትሠሩትን ብቻ አታሳዩ፤ የምታዩትንም ንገሩ።